ቀዩ አበባ በሦስተኛው ዓመት ይፈካል

የፊዚክስ መምህር ስለ አበባ ሲጽፍ አንባቢ ቢገረም አንፈርድበትም። «የእናንተ ጉዳይ ኃይልና እንቅስቃሴ፣ ሙቀትና ብርሃን አይደለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቀለም ብርሃን ነው፤ አዲስ ዝርያ ማዳቀልም ከላይ ሲያዩት የአትክልተኛ ሙያ ይምሰል እንጂ፣ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት የመቁጠር ሥራ ነው። ብርሃንና ቁጥር ባሉበት ደግሞ እኛም እንግዳ አይደለንም። በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ አበባ፣ ከአበባውም ስለ ቀይ ቀለሙ እናወሳለን። መድረሻችን ግን ከአበባው ራቅ ይላል፤ በአገራችን ምርምር የሚመዘንበት ሚዛን ተሳስቷል ብለን ስለምናምን፣ ስሕተቱን ለማሳየት ከዚህ ቀይ አበባ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

አበባው እንግሊዞች «ስዊት ፒ» የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ «ላቲረስ ኦዶራተስ» የተባለ፣ ከአተርና ከባቄላ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ድጋፍ እየተያያዘ የሚወጣ ሐረግ ነው። «ኦዶራተስ» በላቲን ባለ መዓዛ ማለት በመሆኑ፣ እዚህ «መዓዛማ አተር» ብለን እንጠራዋለን። አተር ስላልነው ግን ማንም ፍሬውን ወደ ድስት እንዳያስጠጋው አደራ እንላለን፤ በዘሩ ውስጥ አጥንትንና አያያዥ ሕብረ ሕዋሳትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለና። የትውልድ አገሩ ሲሲሊና ደቡብ ኢጣሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1699 ፍራንቼስኮ ኩፓኒ የተባለ የሲሲሊ መነኩሴ ዘሩን ኤንፊልድ ለሚኖረው ለእንግሊዛዊው ሮበርት ዩቬዴል ላከለት። ያን ጊዜ አበባው አነስተኛ ነበር፤ ትልቁ የላይኛው ቅጠል ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ የጎንና የጎኖቹ ደግሞ ሐምራዊ ነበሩ። ዛሬ ከነጭ አንሥቶ እስከ ደማቅ ቀይ የምናያቸው ብዙ ዝርያዎች ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ባለ ሐምራዊ አበባ ተክል የወጡ ናቸው።

ይህ ለውጥ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ዘሩ እንግሊዝ ከገባ በኋላ ለ170 ዓመታት ያህል የተገኙት አዳዲስ ቀለሞች ጥቂት ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ሄንሪ ኤክፎርድ የተባለ ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ነው። ኤክፎርድ መዓዛማ አተርን ማዳቀል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870 ገደማ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ሥራውን አላቋረጠም። አበባው እንግሊዝ የገባበት ሁለት መቶኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን በሚገኘው ክሪስታል ፓላስ ሲከበር፣ ለትርኢት ከቀረቡት 264 ዝርያዎች 115ቱ የእርሱ እጅ ሥራዎች ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የፈጀ ትዕግሥት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ቀዩ እንምጣ። አንድ አዳቃይ አዲስ ቀይ ዝርያ ማውጣት ፈለገ እንበል። በእጁ አበባው ትንሽ የሆነ ቀይ ተክልና አበባው ትልቅና ያማረ ሐምራዊ ተክል አለ። የቀዩን ቀለም ከሐምራዊው ግርማ ጋር ማዋሐድ ይሻል። መዓዛማ አተር አበባው ሳይፈካ፣ እንቡጥ ሳለ፣ ራሱን በራሱ የሚያራባ ተክል ስለሆነ፣ አዳቃዩ እንቡጡን በጥንቃቄ ከፍቶ ዐሥሩን የወንዴ ዘንጎች ብናኛቸው ሳይበተን ይነቅላል፤ ከዚያም ከሌላው ተክል ያመጣውን ብናኝ በሴቴው ጫፍ ላይ ያሳርፋል። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ይህ ነው፤ የሚታይ ውጤቱም በቁጥር ጥቂት የሆነ ዘር ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ያን ዘር ይዘራል። አበባው ሲፈካ ግን ሁሉም ሐምራዊ ይሆናል፤ አንድም ቀይ አይታይም። ሐምራዊነት በቀይነት ላይ ገናና ስለሆነ፣ ቀዩን የሚያወርሰው ዘረመል በእያንዳንዱ ተክል ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ነገሩን የማያውቅ ጎብኚ በዚያን ዕለት ወደ ማሳው ቢመጣ፣ «ሁለት ዓመት ለፍተህ ይህን ሐምራዊ ከሆነ ያገኘኸው፣ እርሱ ቀድሞም ነበረህ!» ቢለው ምን ይመልሳል? በዓይን ለሚፈርድ ሰው ሥራው ከሽፏል።

በሦስተኛው ዓመት፣ እነዚያ ሐምራዊ ተክሎች ራሳቸውን አራብተው የሰጡት ዘር ሲዘራ፣ ከአራቱ ተክሎች በአማካይ አንዱ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ከዚህም የሚበልጥ የምሥራች አለ፤ ከሦስቱ ሐምራዊዎች ሁለቱ ገና ቀዩን ደብቀው የያዙ ስለሆኑ ልጆቻቸው ይቀያየጣሉ፤ የወጣው ቀይ ግን የሚደብቀው ነገር ስለሌለው በቀለሙ ወዲያውኑ የጸና ዘር ይሰጣል። ዘግይቶ የመጣው ቀይ የሚታመን ቀይ ነው።

ለመሆኑ በሐምራዊና በቀይ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ይገባል። የሁለቱም ቀለም የሚመጣው «አንቶሲያኒን» ከተባሉ ውሕዶች ነው። ለሐምራዊው መሠረት የሆነው ዴልፊኒዲን፣ ለጠቆረው ቀይ መሠረት የሆነው ሳያኒዲን፣ እንደ ፍም ለሚያበራው ቀይ መሠረት የሆነው ደግሞ ፔላርጎኒዲን ይባላል። ሦስቱን የሚለያያቸው በአንደኛው የሞለኪውሉ ቀለበት ላይ ያሉት የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንዶች ብዛት ነው፤ በቅደም ተከተል ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። በአሲዳማ አልኮል ሟሙተው ሲለኩ፣ ፔላርጎኒዲን አብልጦ የሚመጥጠው የሞገድ ርዝመቱ 520 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ሲሆን፣ የሳያኒዲን 535፣ የዴልፊኒዲን ደግሞ 546 ገደማ ነው። በአበባው ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች እንደ አሲዳማነቱና እንደ አጃቢ ውሕዶቹ ይለዋወጣሉ፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። እንግዲህ በሐምራዊውና በእሳታማው ቀይ መካከል ያለው ርቀት ከሰው ጠጉር ውፍረት በሺህ በሚቆጠር እጅ የሚያንስ፣ ሃያ ስድስት ናኖሜትር ያህል ነው። ለዚህች ርቀት ነው ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ቁም ነገር አለ። ተክሉ ቀይ የሚሆነው አዲስ ነገር አግኝቶ ሳይሆን፣ ጥንዶቹን ከሚጨምሩት ኢንዛይሞች አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራቸውን ስላቆሙ ነው። ቀዩ ከመጀመሪያውም በሐምራዊው ቤት ውስጥ ነበረ፤ የጎደለው የሚገልጠው ሰው ነው። እሳታማው ቀይ እንዲወጣ ሁለት የተደበቁ ባሕርያት በአንድ ተክል መገናኘት ካለባቸው፣ ዘረመሎቹም በተለያዩ ክሮሞሶሞች ላይ ካሉ፣ ዕድሉ ከ16 አንድ ነው። ሦስተኛ የተደበቀ ባሕርይ ከተጨመረ ከ64 አንድ ይሆናል። ታዲያ አዳቃዩ ስንት ተክል ይዝራ? ቢያንስ አንድ ተፈላጊ ተክል ለማግኘት በመቶ ዘጠና አምስት እርግጠኛ መሆን ከፈለገ፣ ለአንድ ባሕርይ 11፣ ለሁለት 47፣ ለሦስት ደግሞ 191 ተክሎች ያስፈልጉታል። ማሳውን ለመቆጠብ ሲል ሃያ ተክል ብቻ ዘርቶ ቀዩን ያጣ ሰው ሥራው አልተሳካም ማለት አይቻልም፤ ሥራው አልተጀመረም ማለት ይቀላል። የተገኘውም ቀይ ቢሆን ገና ፈተና ይጠብቀዋል። ከእሳታማዎቹ ቀዮች ብዙዎቹ በጠንካራ ፀሐይ ጫፋቸው ስለሚያርር፣ ለትርኢት የሚያበቅሉ ሰዎች ጨርቅ ይጋርዱላቸው ነበር። ስለዚህ ፀሐይ የሚችል፣ ዘንጉ የረዘመ፣ መዓዛውም ያልጠፋ ቀይ ለማግኘት እስከ አምስተኛና ስድስተኛ ትውልድ መምረጥ የግድ ይላል።

ስለ መቁጠር ካነሣን፣ ይኸው አበባ ለሳይንስ ያበረከተውን ትልቅ ትምህርት መዝለል አይገባም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ዊልያም ቤትሰን፣ ኤዲት ሳውንደርስና ሬጂናልድ ፑኔት በካምብሪጅ መዓዛማ አተርን ያዳቅሉ ነበር። ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1905 «ጄኔቲክስ» የሚለውን ቃል ለዘርፉ ያወጣለት ሰው ነው። ሁለት ነጭ ዝርያዎችን ሲያዳቅሉ ልጆቹ ነጭ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ሲሲሊው ቅድመ አያታቸው ሐምራዊ ሆነው ወጡ፤ አንዱ ነጭ የጎደለውን ሌላው ሞላለት ማለት ነው። ቀጥለውም ብናኙ ሞላላ የሆነውን ሐምራዊ፣ ብናኙ ክብ ከሆነው ቀይ ጋር አዳቀሉ። በሜንዴል ሕግ መሠረት ከ6,952 ተክሎች 3,910 ያህሉ ሐምራዊና ሞላላ፣ 1,303 ያህሉ ሐምራዊና ክብ፣ ሌሎች 1,303 ያህሉ ቀይና ሞላላ፣ ወደ 435 የሚሆኑት ደግሞ ቀይና ክብ ሊሆኑ ይገባ ነበር። የተቆጠረው ግን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 4,831፣ 390፣ 393 እና 1,338 ሆነ።

ይህ ከሚጠበቀው እጅግ የራቀ ነው። እነዚያ ሰዎች የሜንዴል ሕግ ጠበቆች ነበሩ፤ ሕጉን የሚያስነቅፍ ቁጥር ሲገጥማቸው ግን አልሸሸጉትም፣ አላረሙትም፤ እንዳለ አሳተሙት። የሰጡት ማብራሪያ ትክክል አልነበረም። ትክክለኛውን ፍቺ እ.ኤ.አ. በ1911 ቶማስ ሀንት ሞርጋን ከፍሬ ዝንብ ጥናቱ ተነሥቶ ሰጠ፤ ሁለቱ ዘረመሎች በአንድ ክሮሞሶም ላይ ተጎራብተው ስለሚኖሩ አብረው ይወረሳሉ። ቀይነትና ክብ ብናኝ በዚያ ድቅል ውስጥ ጎረቤታሞች ነበሩ። ማብራሪያው ሲወድቅ ቁጥሩ ግን ቆመ፤ እስከ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል። ለተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንነግራቸውም ይህንኑ ነው፤ በቤተ ሙከራ ያገኛችሁትን ቁጥር መጽሐፉ ከሚለው ጋር እንዲስማማ አትግፉት። የምትገፉት ምናልባት የዘመኑን ትልቅ ግኝት ሊሆን ይችላል።

በአንጻሩ ቢጫውን እንመልከት። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የብዙ አዳቃዮች ምኞት ሆኖ ሳለ፣ ከመዓዛማ አተር ብቻ እውነተኛ ደማቅ ቢጫ ማውጣት አልተቻለም። ቀዩ ቤት ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ደማቁ ቢጫ ግን ከቤቱ የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በቱርክ፣ አንታልያ አካባቢ፣ «ላቲረስ ቤሊነንሲስ» የተባለ ቢጫ አበባ ያለው የቅርብ ዘመድ ተገኘ። የኒው ዚላንዱ ኪት ሃሜት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ይህን ዘመድ ከመዓዛማ አተር ጋር ለማዳቀል ብዙ ደክመው ድቅሉን አገኙ። ይሁን እንጂ ያ የዱር ተክል የሚበቅለው እጅግ በጠበበ ሥፍራ ሲሆን፣ ከምድረ ገጽ ለመጥፋት ከተቃረቡት ይቆጠራል። አንድ የግንባታ ሥራ ወይም አንድ የከብት መንጋ የስንት ዘመን ተስፋ ሊያጠፋ ይችላል። የሌለን ዘረመል በትዕግሥት ብቻ ማውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ዘር ማኖር ከማዳቀል ይቀድማል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነጥብ እንመለስ። በአገራችን ብዙ የምርምር ገንዘብ የሚፈቀደው ለአንድ በጀት ዓመት ነው፤ ለሁለተኛው ዓመት የሚቀጥለውም የመጀመሪያው ዓመት «የሚታይ ውጤት» ከተገኘበት ነው። ከዓመታት በፊት እኛም ሁለት ክረምቶችን የሚያነጻጽር የፀሐይ ጨረር ልኬት ዕቅድ ለአንድ ገንዘብ ሰጪ መሥሪያ ቤት አቅርበን ተፈቅዶልን ነበር። አንዱን ክረምት ለካን። በዓመቱ መጨረሻ «ምን ውጤት አገኛችሁ?» ተብለን ተጠየቅን፤ «ገና የሚነጻጸርበትን አልለካንም» ስንል በጀቱ ተዘጋ። አንድ ክረምት ደግሞ ብቻውን ከምንም ጋር አይነጻጸርም። በዚያን ጊዜ የተሰበሰበው ቁጥር እስከ ዛሬ በመሳቢያችን ተቀምጧል። ገንዘቡ በቁጠባ ስም ተዘጋ፤ በእውነቱ ግን የወጣውም ወጪ ጭምር ባከነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን እንኳ አልለቀምንም። በዚህ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ የቀዩ አበባ አዳቃይ ሁሉም ሐምራዊ በሆነበት በሁለተኛው ዓመት ከማሳው በተባረረ ነበር።

«አበባ ለጠገበ አገር ነው፤ የእኛ ጉዳይ ዳቦ ነው» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ አበባ ለእኛም ዳቦ ሆኗል፤ አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ለውጭ ገበያ በብዛት ታቀርባለች። ነገር ግን በሆለታና በዝዋይ የምናበቅላቸው ቀይ ጽጌረዳዎች በአብዛኛው በውጭ አዳቃዮች የተገኙ ናቸው፤ ለባለ ዝርያዎቹም የባለቤትነት ክፍያ ይከፈላል። ቀዩን እናበቅላለን እንጂ ቀዩን አላወጣነውም። ውኃው፣ መሬቱና ጉልበቱ የእኛ ሲሆን፣ የሦስተኛው ዓመት ትዕግሥት ዋጋ ግን ለሌላው ይሄዳል።

ሁለተኛው መልሳችን ከዚህ የከበደ ነው። መዓዛማው አተር በአገራችን የቅርብ ዘመድ አለው፤ እርሱም «ላቲረስ ሳቲቨስ»፣ በራሳችን ቋንቋ ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም በውኃ የተኛ ዋልካ መሬትንም ይችላል፤ ሌላው አዝመራ ሲከዳ እርሱ አይከዳም። ለዚህም ነው በክፉ ቀን የድኻው መጠጊያ የሚሆነው። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የተባለ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ። ለወራት ከጓያ በቀር ሌላ ያልበላ ሰው እግሮቹ ተሳስረው ይቀራሉ፤ ጉዳቱም አይመለስም፤ በብዛት የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ደግሞ በደላንታ ዳውንት የደረሰው ይኸው ነበር። አእምሮው የተሟላ፣ ክንዱ የጠነከረ ገበሬ በሁለት ዱላ ተደግፎ በገዛ ማሳው ዳር ሲቆም ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ በረኃብ ዘመን ግን የሚቀላቀለው እህል ከየት ይመጣል? ክልከላም መፍትሔ አልሆነም፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ ብታግድም ገበሬው መዝራቱን አልተወም።

መንገዱ እንግዲህ መርዙ የቀነሰ ዝርያ ማዳቀል ነው። ይህም ተጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ዋሴ» የተባለ መርዙ የቀነሰ ዝርያ በአገራችን ተለቋል። ይሁንና ሥራው ከቀይ አበባ እጅግ ይከብዳል። የመርዙ መጠን በዘር ብቻ ሳይሆን በአፈሩና በድርቁም ይወሰናል፤ በአንድ ማሳ በአንድ ዓመት ዝቅ ብሎ የተለካ፣ በሌላው ማሳ በክፉው ዓመት ከፍ ሊል ይችላል። ንቦችም ብናኙን ከጎረቤት ማሳ እያመጡ ስለሚያዳቅሉት፣ ንጹሑ ዘር በየጊዜው መጠበቅና መታደስ አለበት። የአንድ ዓመት ልኬት እዚህ ላይ ጎዶሎ ብቻ አይደለም፤ አሳሳችም ነው። በስሕተት «መርዙ ቀንሷል» ተብሎ የተለቀቀ ዘር የሚያስከፍለው ዋጋ የሰው እግር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ከሕይወት ጋር የተያያዘ ምርምር በጀቱ በበጀት ዓመት ሳይሆን በትውልድ ይቆጠር፤ የማዳቀል ሥራ ቢያንስ ቀዩ እስኪወጣ ድረስ፣ ማለትም ሦስት ዓመት፣ ያለ «ውጤት አሳዩ» ይታገሥ፤ በየዓመቱ የሚጠየቀው የተሠራው ሥራና የተቆጠረው ቁጥር ይሁን። ሁለተኛ፣ የማይመች ቁጥር ያመጣ ተመራማሪ እንዳልተሳካለት አይቆጠር፤ መዝገቡ ሳይታረም ይቀመጥ፣ ይታተምም። ሦስተኛ፣ በየአካባቢው ያሉ የጓያ ዘሮች፣ መልካቸው የማያምርም ቢሆኑ፣ ሳይጠፉ ይሰብሰቡ፤ የምንፈልገው ዘረመል በየትኛው ገበሬ ጎተራ ተደብቆ እንዳለ አናውቅምና።

ገንዘባችን ጥቂት መሆኑን አንክድም። ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ግን ዐሥር ሥራ ጀምሮ ሁሉንም በሁለተኛው ዓመት ከሚተው፣ ሦስት ጀምሮ ሦስቱን ቢፈጽም ይሻለዋል። ይህ የፊዚክስም የሥነ ሕይወትም ሕግ አይደለም፤ ማንኛውም ገበሬ የሚያውቀው ነው። ገበሬ ዘሩ በነጋታው አልበቀለም ብሎ ማሳውን አይገለብጥም።

የእኛ ፋኩልቲ ከራሱ ግቢ ሊጀምር ይችላል። አንድ መደብ መሬት፣ ጥቂት የመዓዛማ አተር ዘር፣ የሥነ ሕይወት ተማሪ ለማዳቀሉ፣ የሒሳብ ተማሪ ለቆጠራው፣ የኬሚስትሪ ተማሪ ቀለሙን ለማውጣቱ፣ የፊዚክስ ተማሪ ብርሃኑን ለመለካቱ ይበቃሉ። የዘንድሮ ገቢዎች ያዳቀሉትን በሦስተኛው ዓመታቸው ቀይ ሆኖ ያዩታል። በመካከለኛው ዓመት መደቡ በሙሉ ሐምራዊ ሲሆን፣ የሚያልፍ ሁሉ «ታዲያ ምን ተገኘ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ቀና ብለው «ቆይ፣ ገና ነው» ለማለት የሚደፍሩ ከሆነ፣ ከመደቡ የሚፈለገውን ትምህርት አግኝተዋል።